ለጣታቸው ፕላስተር ነበራቸው

ሰሞኑን ፋርማሲያችን ውስጥ ፕላስተር አልቋል። ራስ ምታት ያለበት የለም፣ ሳል የያዘው የለም፤ የገባው ሁሉ "የጣት ፕላስተር አለ?" ነው የሚለው። ባሳንት ተፈቅዶ የላሆር ሰው ጣቱን ሊጠቀልል ነው። ስንት ዓመት ተከልክሎ የኖረው ካይት፣ ያ በክር የሚበረው የወረቀት አሞራ፣ የሚበርበት በዓል ዘንድሮ "በጥንቃቄ ይከበር" ተብሎ ተመለሰ። ናይለን ክር ክልክል ነው፣ የጥጥ ብቻ። ሞተር የሚነዳ ሁሉ ከፊቱ ክር የሚያግድ የሽቦ ቅስት ይትከል፣ ሕፃን ልጅ ሰገነት ላይ ብቻውን አይውጣ። ደግ ነገር ነው፤ ማን ይጠላል? እኔ ግን ፕላስተር በጠየቁኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ትናንት አንዱን ጎረምሳ "ለጣትህ ነው? ለሰው አንገትስ ምን ገዛህለት?" አልኩት። "ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?" ብሎኝ ወጣ። እውነቱን ነው፣ የለኝም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ታያ ሰርፍራዝ ደወለ። ታያ የምንለው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። በቤታችን ደንብ አንቱ ይባላል፣ ሲመጣ ይነሡለታል፣ ሲናገር አይቋረጥም። እኔም ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ስለሱ ሳወራ ግን "እሱ" ነው፤ ከዚያ በላይ አንደበቴ እሺ አይለኝም።

"ሱምቡል፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ እንጂ" አለኝ። ድምፁ እንደ ሙሽራ ድምፅ ደስ ብሎታል። "ልቃቂቱን ሚናሂል ትይዝልኛለች። ስንት ዓመቷ ሆነ? ስምንት? ልክ እንዳንቺ።"

ልክ እንዳንቺ አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩና "እንመጣለን" አልኩት።

ልክ ነው፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተጋፋ በማያልፍበት መንደር ነው። የቤታችን ጌታ አባቴ ሳይሆን ታያ ነበር። እኔ ደግሞ የታያ ነበርኩ። ከወንዶቹ ልጆች ሁሉ መርጦ ባሳንት ሲደርስ ልቃቂት የሚያስይዘው እኔን ነው። አንዱ ወንድሜ "ሴት ልጅ ምን ታውቃለች?" ቢል "አንተ ታንጎላጃለህ፣ እሷ ክሩን ታዳምጣለች" ይለው ነበር። ይህን ስሰማ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ክር ወደሚሠሩት ሰዎች ወሰደኝ። አትክልት ቦታው ዳር እንጨት ተክለው፣ ክሩን ከእንጨት እንጨት ወጥረው፣ የሩዝ ሙጫ ከቀለምና ከተፈጨ ጠርሙስ ጋር በመዳፋቸው እየያዙ ክሩን እያሹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሁሉም መዳፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ታያ "ቀለሙን ሱምቡል ትምረጥ" አለ። ሐምራዊ አልኩ። ክር ሠሪው ሳቀ፤ "ሐምራዊ ማንም አያበርም፣ ሰማይ ላይ ብቻችሁን ነው የምትታዩት" አለ። ታያ "እኛስ የምንፈልገው ምን ሆነና?" አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "ከውስጥ ካለው አድርግልኝ" አለው። ሰውየው ግራ ቀኙን አይቶ ከጆንያ ሥር የሚያብረቀርቅ ቀጭን ክር አወጣ። እኔ የመሰለኝ የተከበርን ደንበኞች ስለሆንን ነው። ለተራ ሰው ከላይ ያለው፣ ለኛ ከውስጥ። ወደ ቤት ስንመለስ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ሐምራዊው የኛ እንደሆነ አወራሁ።

ናይለን ነበር። የጥጥ ክር ሰው ሲገፋው ይበጠሳል፣ ናይለን በዋዛ አይበጠስም። ያኔም ነውር እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ባይታወቅ ኖሮ ከጆንያ ሥር ባልተደበቀ።

ከበራችን ትይዩ ኻላ ነሲም ትኖራለች። ዘመዳችን አይደለችም፣ ግን ኻላ፣ አክስት፣ ነበር የምንላት። ባሏ ያቁብ ቀይ ሞተር አለው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጃቸው ሙኒብ የኔ ጭራ ነበር፤ የሄድኩበት ይከተለኛል። አባቱ ወደ ገበያ ሲወጣ ከፊቱ ነዳጅ ታንኩ ላይ ያስቀምጠዋል። ላሆር ውስጥ የሕፃን ቦታ እዚያ ነው፤ እኔም እዚያው ላይ ነው ያደግኩት። ልጁ መሪውን ይይዝና የነዳው እሱ ይመስለዋል።

የባሳንት ጠዋት ሁላችንም ቢጫ ለብሰናል። ከየሰገነቱ ድምፅ ማጉያ ይጮሃል፣ ከበሮ ይመታል። ከአባቴ ባገኘኋት ሳንቲም ከመንደሩ መግቢያ ኩልፊ ገዛሁ፤ ያ በእንጨት የሚሸጠው የወተት አይስክሬም ነው። ሙኒብ መጥቶ እንደ ጫጩት አፉን ከፈተ። ኻላ ነሲም ከደጇ "ሱምቡል፣ ቀዝቃዛ እንዳትሰጪው፣ ጉሮሮውን ሲያመው ሰንብቷል" አለችና ገባች። አፉን አልዘጋም። ሁለቴ አስላስኩት። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሊያደርግ አስቦ አፍንጫው ላይ አደረገው። ያቺ ጣት አሁንም ትታየኛለች።

ከዚያ ወደ ሰገነት ወጣሁ። ታያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ፕላስተሩን እየቀደድኩ አመልካች ጣቱን፣ መሐል ጣቱን፣ አውራ ጣቱን ጠቀለልኩለት። ለኔም ጠቀለለልኝ። "ክሩ ምላጭ ነው፣ ጣትሽን ተጠንቀቂ የኔ እመቤት" አለኝ። እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። ምላጭ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሰገነት ላይ የነበረ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለጣታቸው ፕላስተር ነበራቸው።

ካይታችን ወጣ፤ ከሥሩ ሐምራዊው ክር እየተመዘዘ ልቃቂቱ እጄ ላይ ይዞር ጀመር። ከጎረቤቶቻችን ከማሊኮች ሰገነት ጥቁር ካይት መጣብን። ሁለቱ ክሮች ተጠላለፉ። ታያ ይለቃል፣ ይስባል፣ ያጉረመርማል፣ ጎረቤት ሁሉ አንጋጦ ያያል። ድንገት ካይታችን ራሱን ጣለና በነፋስ ሄደ። "ቦ ካታ!" አሉ ማሊኮች፤ ቆረጥነው ማለታቸው ነው። ቆርቆሮ ደበደቡ፣ ጨፈሩ።

የተረፈው ረጅሙ ክራችን ረገበ። ቀስ እያለ በሰገነቶቹና በመብራት ሽቦው ላይ እየተጋደመ ወደ መንገዱ ወረደ። ክሩ የተቆረጠበት ሰው ክሩን ቶሎ ቶሎ ስቦ ይሰበስባል፤ ደንቡ ያ ነው። አባቴ "ወንድሜ፣ ይሳቡት፣ መንገድ ላይ ወርዷል" አለ።

ታያ ክሩን በተጠቀለሉት ጣቶቹ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመና በጥርሱ ታግዞ በጠሰው። ፕላስተሩ ባይኖር ኖሮ ጣቱ ይወርድ ነበር። ጫፉን ወደ አየር ወረወረውና ለማሊኮች "ውሰዱት! የሰርፍራዝ ቤት ፍርፋሪ አይለቅምም!" አላቸው።

ሰገነቱ በሙሉ አጨበጨበለት። የተሸነፈ ሰው ክሩን እየጎተተ ሲሰበስብ ጎረቤት ይስቅበታል። ታያ ግን ሽንፈቱን እንኳ እንደ ስጦታ ሰጣቸው። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

ሌላ ካይት ገና ሳናነሳ ከመንገዱ ሞተር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፤ ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ። የአንዱ ሰገነት ሙዚቃ ጠፋ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሁሉም። እናቴ በክንዴ ጎትታ አወረደችኝ። በደረጃው መስኮት ሳይ ቀዩ ሞተር ተጋድሟል፣ ጎማው ይዞራል። ያቁብ ሙኒብን በሻሽ ጠቅልሎ አቅፎ ይሮጣል። ልጁ እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። በዚህ ሁሉ ጩኸት እንዴት ይተኛል ብዬ ገረመኝ።

ታያ ወጥ ቤት ገብቶ የቀረውን ልቃቂት ምድጃው ውስጥ ከተተው። እሳቱ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። "ክሬን!" ብዬ አለቀስኩ። "ዝም በይ!" አለኝ፤ እንዲያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። በማሊኮች መሸነፉ አናዶት ነው አልኩ። አዘንኩለት። በአላህ ስም፣ ለሱ አዘንኩለት።

ለማታ ጸሎት ጥሪ ሲሰማ እናቴ ፊቷ አብጦ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "ሙኒብ ሞተ" አለችኝ።

"ምን ሆኖ?"

"ጉሮሮውን..." አለችና አቃታት።

"ኩልፊ ስለሰጠሁት ነው?" አልኳት።

እናቴ አፏን ከፈተች። አይደለም ልትል ነበር፣ ከንፈሯ ላይ አይቼዋለሁ። ታያ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

"ነው" አለ።

እናቴ ዞራ ብታየው በዓይኑ ዝም አሰኛት። ከዚያ መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለ፣ እጄን ያዘ። ፕላስተሩ ገና ጣቱ ላይ ነበር። "ቀዝቃዛ በልቶ ነው። አይዞሽ፣ እኔ ለማንም አልናገርብሽም። አንቺ ብቻ ዝም በይ። ማንም ስለ ዛሬ ምንም ቢጠይቅሽ፣ ስለ ሙኒብም ይሁን፣ ስለ ካይትም ይሁን፣ ስለ ክርም ይሁን፣ አፍሽን አትክፈቺ። ከከፈትሽ ይደርሱበታል።"

በማግስቱ ፖሊስ ከቤት ቤት እየዞረ መጣ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰውዬ ነበር። ዝቅ ብሎ "የኔ ቆንጆ፣ እናንተ ትናንት ምን ቀለም ክር ነበር ያበረራችሁት?" አለኝ። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን ለመላው ላሆር እጮህለት ነበር። ጥርሴን ነከስኩ። "ዲዳ ናት እንዴ?" አለ። ታያ "ዓይናፋር ናት" አለው። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ያኔ ታያ የጠበቀኝ መሰለኝ። ምስጢሬን የያዘልኝ፣ ከእስር ያዳነኝ ሰው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እጁን ስስም በልቤ "አላህ ይስጥልኝ" እለው እንደነበር ሳስብ አሁን ጥርሴ ይፋጫል። የራሱን አንገት ሊያድን የሕፃን ሬሳ አሸከመኝ። እናቴም አየች፣ አባቴም አወቀ። አንዳቸውም ከትከሻዬ አላወረዱልኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ኻላ ነሲም ቤት ገቡ። "የአላህ ውሳኔ ነው፣ ይቅር በሉ" ሲሉ በበሩ ስንጥቅ ሰማሁ። ይቅር በሏት የሚሉት እኔን መሰለኝ። ቀጥሎ እነ ያቁብ ዕቃቸውን ጭነው ከወንዙ ማዶ ሻህዳራ ገቡ። እኔን ማየት አስጠልቷቸው ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር አፌ አልገባም። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ በረዶ ስትልስ አይቼ ከእጇ መትቼ ጥያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ብጠየቅም አልተናገርኩም። ለልጄም ኩልፊ ገዝቼላት አላውቅም። ሚናሂል ትለምነኛለች፣ "ጉሮሮሽን" እላታለሁ። እውነቱን ካወቅኩ በኋላ እንኳ እጄ እምቢ አለኝ።

እውነቱን የነገረችኝ ኻላ ነሲም ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሴቶቹ መሐል አየኋት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። "ኻላ፣ ይቅር በይኝ፣ ኩልፊውን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"የምን ኩልፊ?"

ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እሱን ይዘሽ ነው የኖርሽው?" አለችኝ። ጣቴን ያዘችና በራሷ አንገት ላይ፣ ከአንዱ ጆሮ ሥር እስከ ሌላው ጆሮ ሥር፣ አስኬደችው። "ክር ነው። ያቁብ በእጁ ነው የፈታው። ሐምራዊ ነበር። ሐምራዊ የማን እንደሆነ ደግሞ በሰፈሩ ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ አንቺው ራስሽ ለሁሉም አውርተሽ የለም?" በእጇ ጀርባ እንባዬን ጠረገችልኝ። "ይቅር በሉ አሉን፣ አልን። ድሃ ምን ያደርጋል? እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት። ሰርፍራዝ በገዛ አፉ ይበለው አልኩ። አላለም።"

አባቴን ስጠይቀው "ያለፈ አልፏል" አለኝ። ታያን ስጠይቀው "የአላህ ውሳኔ ነው" ብሎ ጫማውን ፈለገ። ሁሉንም ነገር ለአላህ ሰጥተው እጃቸውን ታጥበዋል። በዓሉም ተከልክሎ ነበርና እኔም ተውኩት። የተውኩት መስሎኝ ነበር።

እናም ዘንድሮ ሚናሂልን ቢጫ አልብሼ ወደ ታያ ሰገነት ወጣሁ። ከሥር በመንገዱ ሞተሮቹ ሁሉ የሽቦ ቅስት ተክለዋል። ታያ ቢጫ ጥምጥም አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። የሌላ ወንድሙ ልጅ ኑማን በስልኩ ይቀርጸዋል። "ባሳንት የአባቶቻችን ቅርስ ነው፣ እኛ በሥርዓት ነበር የምናከብረው" ይላል ታያ ለስልኩ። ሚናሂል ጣቱን በፕላስተር ስትጠቀልልለት አየሁ።

አብርሮ ጥቂት እንደቆየ ከማዶ ያለ አንድ ልጅ እግር ካይቱን ቆረጠበት። "ቦ ካታ!" ተባለ። ክሩ ረገበ፣ ወደ መንገዱ ወረደ። ታያ ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። የቤቱ ልጆች ሁሉ የለመዱትን ተረት እንደሚጨርሱ በአንድ ድምፅ "የሰርፍራዝ ቤት ፍርፋሪ አይለቅምም!" አሉ። ልጄም አብራቸው አለች። ልጄም።

ሄጄ የእጁን አንጓ ያዝኩት። "ሳብ" አልኩት።

"እ?"

"ክሩን ሳብ። ሁሉንም።" በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። ሰገነቱ ላይ ያለው ሁሉ ሰምቷል።

"ሱምቡል፣ ምን ነካሽ?" አለ ኑማን።

"አንተ ቅረጽ። ቅርስ ነው።"

"ሰው እያየን ነው" አለ ታያ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይየና። ሳብ።"

እጁን አለቀቅኩም። ሳበ። ክሩ በመብራት ሽቦው ላይ፣ በውኃ ታንከሩ ላይ እየተንፏቀቀ መጣ። ከማዶ ሳቁበት። "ኧረ ሽማግሌው ፍርፋሪ ይለቅማል!" "አባባ፣ እራት እንላክልዎ?" ላብ አጠመቀው፣ ትንፋሹ አጠረ፤ ላቁም ሲል አየሁትና "ገና ነው" አልኩት። እግራችን ሥር ክሩ ተከመረ። መጨረሻው መጣ፤ ጫፉ ላይ ምንም የለም።

ሚናሂል ቀሚሴን ጎተተች። "እማ፣ ለምንድነው?"

"ታያን ጠይቂው። ሙኒብ የሚባል ሕፃን ነበር። ምን ሆኖ እንደሞተ ይንገርሽ።"

ፊቱ ቆመች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቢጫ ለብሳለች፣ ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። "ምን ሆኖ ነው ታያ?"

"ጉሮሮውን..." አለ።

"ታሞ?"

ወደ እኔ አየ። ያኔ እናቴን እንዳያት ነው ያየኝ፤ ዝም እንድልለት። እኔ ደግሞ ዓይኑን ዓይኑን አየሁት። ኑማን ስልኩን አወረደ።

"አይደለም" አለ ታያ። የተከመረውን ክር ተመለከተ። "ክር ነው። የኔ ክር ነው ያረደው። እንድሰበስበው ተለምኜ... በጥሼ የጣልኩት።"

"እሷስ?" አልኩት ራሴን እያመለከትኩ። "ኩልፊውስ?"

"ውሸት ነው" አለ። "አንቺ ምንም አላደረግሽም።"

ይቅርታ ጠየቀ ወይ ብትሉኝ አልጠየቀም። ቢጠይቅም የምሰጠው አልነበረኝም። "ነገ ጠዋት ሻህዳራ እወስድሃለሁ" አልኩት። "ለነሲም ልክ እንዲሁ ትላታለህ። አልሄድም ካልክ እሷን እዚህ አመጣታለሁ።" ጎንበስ ብሎ ክሩን ወደ ልቃቂቱ መጠቅለል ጀመረ፤ ማንም አላገዘውም።

የልጄን እጅ ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ፕላስተሩን ከጣቷ ላጥኩት። መንደሩ መግቢያ ላይ ኩልፊ ሻጭ ቆሟል። ሚናሂል አየችው፣ እኔን አየች፣ እንደማልገዛላት ስለምታውቅ አልጠየቀችኝም።

"ሁለት ስጠኝ" አልኩት።